የዜማ መምህሩን ላጣራ ፒችትሪ ኮርነርስ የሄድሁበት ቀን

መቼ እንደነበረ ቁርጡን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ልጄ ሰናይት ገና ብርድ ነበር ትላለች። እኔ የማስታውሰው ግን ዛፉ ሁሉ ቢጫ ብናኙን የሚያራግፍበት፣ መኪናው ሁሉ የሽምብራ ዱቄት የተነፋበት የሚመስልበት ሰሞን እንደነበረ ነው፤ ማታ ጫማዬን ስጠርግ ትዝ ይለኛልና። ዓመቱም ያምናው ይሁን የካቻምናው እንጃ። የሄድሁበትን ጉዳይ ግን አልረሳውም። የሄድሁት አንድ ሰው ላጣራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ኮንየርስ ነው። ሰናይት መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዝነው እሷና እኔ ነን። ልጇ ሄርሜላ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ድምፅ አላት። ከትምህርት ቤቷ ልጆች ጋር ስትዘምር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሰምቷት፣ እኔ ላስተምራት አለና ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ መሄድ ጀመረች። ሚስተር ካልዩ ይባላል። አገሩ ኤስቶኒያ የምትባል፣ ራሺያ አጠገብ ያለች ትንሽ አገር ናት አሉ። ሰውየው ዜማ ደራሲ ነው፤ ብዙ ሆነው ለሚዘምሩ ሰዎች ዜማ እያወጣ በኖታ ይጽፋል፣ ያስተምራልም። እስከዚህ ድረስ ምንም አላልሁም።

ኋላ ግን ሰመር ላይ አገሬ ይዣት ልሂድ፣ እኔ የተማርሁበት ቤት ሁለት ወር ትማር ብሎ ላከ። ለዚህ የእናት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰናይት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "አባባ፣ ልቤ አልቆረጠም። እርስዎ ያጣሩልኝ። ትሂድ ካሉ ትሄዳለች፣ ትቅር ካሉ ትቀራለች" አለችኝ። ሄርሜላ ደረጃው ላይ ሆና ሰምታለች። እራት አልበላችም።

እኔ ደግሞ ሰውየውን ቀድሜም ጠርጥሬዋለሁ። ልጅቷ እኔ በማንጎራጉርበት ሁሉ ስልኳን እየደበቀች ስታስቀምጥ ደርሼባታለሁ። ጓሮ ጎመኔን ስኮተኩት ባልዲው ሥር አኑራዋለች። ምንድን ነው ብላት፣ ቤታችሁ ያለው ትልቅ ሰው የሚያዜመውን አምጡ ብሎናል አለችኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ የኔ የአረም ዘፈን ለኤስቶኒያ ሰው ምን ያደርግለታል? እኔ ዘመናይ ትምህርት የለኝም፤ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው። ሰው ግን ያለ ምክንያት የሰው ነገር እንደማይሰበስብ አውቃለሁ።

ከኮንየርስ ስንነሳ

ሰናይት የሥራ ጓደኛዋን ጠይቃ ሾፌር አዘጋጀችልኝ። ሄርሜላ ትምህርት ቤት ሄዳለች፤ የት እንደምሄድ አልነገርኋትም። ሾፌሯ በዲቪ የመጣች፣ ሻሿን አገጯ ሥር ያሰረች ወሎዬ ናት። እጄን ይዛ አስገባችኝና "አባባ፣ ቀበቶውን ላድርግልዎ" አለች። ራሴ አደርገዋለሁ አልኋት። ማን ጋ እንደምሄድ ስትጠይቀኝም ዘመድ ልጠይቅ ነው አልሁ። የቤት ገመና ለማላውቀው ሰው ማዋየት አልወድም። እሷስ ለማን እንደምታወራ በምን ይታወቃል?

ሃይዌይ ሃያን ይዘን ወደ አትላንታ ወጣን። ረጃጅም የጭነት መኪኖች ግራና ቀኝ ያጅቡናል። ቀጥሎ ከተማውን እንደ መቀነት የሚዞረው ቱ ኤይቲ ፋይቭ ውስጥ ገባን፤ እዚያ መኪናው ሁሉ ጥቅጥቅ ብሎ ይጎተታል። ሾፌሯ ስታወራኝ መውጫችንን አለፈችው። "ኤግዚቱን ሚስ አደረግኩት አባባ፣ አይቆጡኝ" አለች። አልተቆጣሁም፤ መንገድ ልታስረዝምብኝ ይሆን ብዬ ግን በሆዴ አሰብሁ። ዋጋው ቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ብታስረዝም የምትጎዳው ራሷ ናት። ይህን እያወቅሁ ጠረጠርሁ።

ብሩክሄቨን ስንደርስ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ነዳጅ ልቅዳ ብላ ቆመች። የሜክሲኮው ዳቦ ቤት፣ የቬትናሙ ሾርባ ቤት፣ የኮሪያው ጥርስ ሐኪም በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠጋግተዋል። አጠገባቸው ካለው ያገር ሰው ሱቅ በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዛ መጣች። ዕለቱ ዓርብ ነበርና እጄን አልዘረጋሁም። ገባት። "የምስር ነው አባባ። የእናንተ ጾም መሆኑን አውቄ ነው" አለች። ተቀብዬ በላሁት። ትኩስ ነበር፣ ቃሪያውም አልሳሳም።

ሰው የማይታይበት መንደር

ፒችትሪ ኮርነርስ ስትገቡ መጀመሪያ መስታወት ብቻ የሆኑ የቢሮ ሕንጻዎች ይቀበሏችኋል። ከዚያ ወዲያ መኖሪያው ይጀምራል። ሣሩ ሁሉ እኩል ታጭዷል፣ ቤቱ ሁሉ ወንድማማች ይመስላል፤ ደጅ የተቀመጠ ሰው ግን አንድም የለም። ሾፌሯ በስልኳ እየተመራች ከአንድ ግራጫ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረገችና "የዘመድዎ ቤት ይኸው" አለች። ያን ጊዜ ሌላ መላ አልነበረኝም፤ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። እውነቱን ነገርኋት።

"ታዲያ እናንኳኳዋ" አለች።

"እሱን አይደለም የምጠይቀው፤ ጎረቤቱን ነው።"

ሞተሩን አጠፋችና ዞራ አየችኝ። "አባባ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም። ፖሊስ ይጠሩብናል።"

ሰው ስለ ራሱ ቢጠየቅ ደኅና ነኝ ከማለት በቀር ምን ይላል አልኋት። ሰናይትን ስድር የልጁን ሠፈር ላይና ታች ወጥቼ ወርጄ ጠይቄያለሁ፤ የአያቱን ጠባይ ሳይቀር። ልጅ ባሕር ማዶ ስሰድማ ይብሳል። ሾፌሯ ሳቀችና "አባቴም ለኔ እንዲሁ ነበር ያደረገው" አለች። "ባሌን ያጣራበት ጎረቤት ቂም ይዞበት ነበር፤ በሬው ማሳዬን በልቶብኛል ብሎ።" ከዚያ ወርዳ ተከተለችኝ።

መጀመሪያ ያገኘነው ውሻ የምታንሸራሽር ሴት ነው። ሚስተር ካልዩ ማን ይመጣበታል፣ ይጠጣል ወይ፣ ይቆጣል ወይ፣ ስንት ሰዓት ይተኛል ብዬ አስጠየቅሁ። ሴትየዋ ውሻዋን ወደ ራሷ ሳበች። "ምን አድርጎ ነው?" አለች። ምንም አላደረገም አለቻት ሾፌሯ። ሴትየዋ ግን ምንም ካላደረገ ለምን ትጠይቃላችሁ ብላ መንገዱን ተሻገረች።

ሁለተኛው ከመኪናው ላይ ቢጫውን ብናኝ በውሃ የሚያጥብ ሽማግሌ ኮሪያዊ ነው። እሱ ደኅና አናገረን። አላውቀውም፣ ጠዋት ጠዋት ፒያኖ ሲመታ ብቻ እሰማለሁ አለ። ሰሞኑን አንድ ዜማ ይጀምራል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርስ ያቆማል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። "ሚስቴ ልታብድ ነው" አለ።

በሦስተኛው ቤት የሰው ፊት አላየንም። ደወሉን ስንጫን ደወሉ ራሱ ተናገረ። ማን ናችሁ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው፣ እየተቀረጻችሁ ነው አለ። በሕይወቴ ከደወል ጋር ስነጋገር የመጀመሪያዬ ነው። ሾፌሯ ክንዴን ያዘችና "አባባ፣ ይብቃን" አለችኝ።

ዘወር ስንል የግራጫው ቤት መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። በሩ በሰንሰለት እንደተያዘ ትንሽ ተከፈተ። ረጅም፣ ነጭ ፀጉር፣ በሙቀት ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ጎረቤት ደውሎለት ኖሯል።

"ማን ላካችሁ?" አለ።

የሄርሜላ አያት ነኝ በይልኝ አልኋት። ስሟን ሲሰማ ፊቱ የሚፈታ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ጠቆረ። ልጅቷ ቅዳሜ እንዳትመጣ፣ ትምህርቱ አብቅቷል፣ ጉዞውም ቀርቷል አለና ዘጋው።

እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ሂጂ ወይም ቅሪ ለማለት የመጣሁ ሰውዬ፣ ሳልወስን ተወሰነብኝ። ልጅቷ እራት ያልነካችበት ሳህን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሾፌሯ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ወደተዘጋው በር ጠጋ ብላ ቀስ እያለች ረጅም ነገር ተናገረች። ከንግግሯ የለየሁት ግራንድፋዘር የሚለውንና የሄርሜላን ስም ብቻ ነው። ምን እያለች ነው፣ እሱ ነው ያስገደደኝ ብላ አሳልፋ እየሰጠችኝ ይሆን አልሁ። ሰንሰለቱ ተንሸራተተ። በሩ ተከፈተ። ኋላ ስጠይቃት፣ አባቴም ለኔ እንዲሁ ጠይቋል፣ አያትየው ስለሚወዷት ነው አልኩት አለችኝ።

ሚስተር ካልዩ ስለ ራሱ የነገረኝ

ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ፒያኖ፣ ብዙ ወንበርና የሻይ ሽታ። ጥቁር ዳቦና ቅቤ አቀረበልን፤ ቅቤውን ለጾሜ ብዬ ተውሁት። ሾፌሯ መካከላችን ተቀምጣ ታስተረጉማለች። እሱ የሚለውን ሁሉ በአንቱታ ነው የምታቀብለኝ፤ ፈረንጁ አንቱ ማለቱን ግን እንጃ።

መጀመሪያ ያለው ይህ ነው። ልጅ ሳለ፣ አገሩ በራሺያ ስትገዛ፣ ሁለት ሰዎች መንደራቸው መጥተው ጎረቤታቸውን ስለ አባቱ ጠየቁት። ማን ይመጣበታል፣ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ምን ይዘምራል ብለው። አባቱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺና የመዘምራኑ መሪ ነበር። ጎረቤቱ መለሰ። ብዙም ሳይቆይ አባቱን በባቡር ወደ ብርድ አገር ወሰዱት፤ አልተመለሰም። "እናንተ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃችሁ" አለ። "በዚያው ቅደም ተከተል።"

የያዝሁት ብርጭቆ ከበደኝ። በደርግ ጊዜ እኛም መንደር እንዲህ የሚጠይቁ ሰዎች ይመጡ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ስለ እሱ ከተጠየቀ በኋላ አልታየም። ለጋብቻ የሚጠይቅና ለእስር የሚጠይቅ አነጋገራቸው አንድ መሆኑን እስከዚያ ቀን ልብ አላልሁትም። ይቅርታ ጠየቅሁት። የኛን አገር ወግ አስረዳሁት። እሱም፣ "ታዲያ ጎረቤቶቼ ምን አሉ?" አለ።

"የሚያውቅህ የለም" አልሁት።

ጥቂት ፈገግ አለ። "እውነታቸውን ነው። እንግዲያው እኔኑ ይጠይቁኝ።"

ጠየቅሁት፤ አልቸኮልሁም። እናቱ በመንግሥት እርሻ ላም አላቢ ነበረች። ዜማ የተማረው መጀመሪያ አብረዋት ከሚሠሩት ሴቶች ነው፤ ገብስ ሲወቁ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ የመጨረሻውን ቃል ከአፏ ተቀብለው ይደግሙታል። ኋላ ዋና ከተማው ሄዶ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፣ ደራሲም ሆነ። ከእናቱ ዘፈን ያወጣውን አንድ ዜማ ባለሥልጣኖች ትርጉሙ ጥሩ አይደለም ብለው ከለከሉበትና ገጠር ወርዶ የሕፃናት መምህር እንዲሆን ተደረገ። በዚያው ብዙ ዘመን አስተማረ። አገሩ ነፃ ስትወጣ ያችኑ ዜማ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ዘመራት፤ እሱ ከኋላ ቆሞ ሰማ። ሚስቱ ስትሞት ሴት ልጁ እዚህ አመጣችው። እሷም አሁን ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዳለች።

ለምን የሽማግሌ ዜማ ታስለቅማለህ አልሁት። የመጣሁበት ጥያቄ ይኸው ነበር።

"አባቴን ሲወስዱት የሚያውቀውን ዜማ ሁሉ ይዞ ሄደ" አለ። "አንዱንም ጠይቄው አላውቅም። ተማሪዎቼን ከመሄዱ በፊት ጠይቁት ነው የምላቸው።"

ልቤ ራራ። ነገር ግን ጥሩ የሚናገር ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ስለ ራሱ ነው። አሁንም ምስክር የለኝም አልሁት በግልጽ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን አነሳና ወዳገሩ ደወለ። የድሮ ጎረቤቱ ናት፣ አብራው ያደገች፤ ሊንዳ ትባላለች። ድምፅ ማጉያውን ከፈተው፤ የአሮጊት ሳል ቤቱን ሞላው። እዚያ መሽቶ ኖሮ ላሟን አልባ ነው የገባችው። እኔ በአማርኛ፣ ሾፌሯ በእንግሊዝኛ፣ እሱ ባገሩ ቋንቋ፤ ጥያቄዬ ተሻግሮ ደረሰ። ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጅ ይጣልበታል?

አሮጊቷ ብዙ አወራች። እኔም የራሱን ምስክርነት ራሱ ሲተረጉመው እንዴት ላምን ነው ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ፊቱ ቀላ። አንገቱን ደፍቶ አንድ በአንድ አሻገረው፤ "ግትር ነው። የኛን ፖም ሰርቆ ወንድሜ ነው ብሎ ወንድሙን አስገርፎታል። የእናቱ መቃብር ላይ የሚበቅለው ሣር እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ የማጭደው እኔ ነኝ፤ መጥቶ ለምን አያጭድም?" ትንሽ አረፈና ቀጠለ። "ልጆች ግን ይወዱታል ትላለች። የኔን ልጆች ያስተማራቸው እሱ ነው። ልጅቷ ከመጣች እኔ ጋ ትደር፣ አያትየው በፈለጉ ጊዜ ይደውሉ ትላለች።"

ፖሙን ሊዘለው ይችል ነበር። የመቃብሩን ሣር ሊዘለው ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? ያን ጊዜ የያዝሁት ሁሉ ከትከሻዬ ወረደ።

ያ የሚያቆምበት ቦታ

ልንነሳ ስንል ፒያኖው ላይ ተቀመጠና የአረም ዘፈኔን መታልኝ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ኮሪያዊው ያለው ቦታ ይህ መሆን አለበት። "ሄርሜላ ባመጣችው ውስጥ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። የመኮትኮቻ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ ሞከርሁ፣ ምን እንደሚገባበት አላገኘሁም" አለ።

ሳቄ መጣ። እኔ ጓሮ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ይህ ግን የደቦ ዘፈን ነው፤ እዚያ ላይ የሚገባው የኔ ድምፅ አይደለም፣ የተቀባዮቹ ነው። ተቀባይ ስለሌለኝ ቦታውን ትቼላቸው እኮተኩታለሁ። ለካ ሳላውቅ አሜሪካ ድረስ መጥቼም ቦታቸውን ስጠብቅላቸው ኖሬያለሁ።

ተነሥቼ አወጣሁት፤ "ፀሐይ ሳትገባ ጫፉን እንድረስ" ብዬ። ቦታው ሲደርስ እንደ ልማዴ ዝም አልሁ። ከጎኔ ሾፌሯ በቀጭን ድምፅ "እንድረስ፣ እንድረስ" ብላ ተቀበለችኝ። ወሎዬ ናት፤ የኔን ዘፈን ባትሰማውም የት እንደሚገባ ያውቀዋል ጉሮሮዋ። ሁለተኛ ሳወጣው ሚስተር ካልዩም ቃሉን እያጣመመ አብሯት ገባ። ከዚያ ወዲያ አላቆመም፤ እየመታ፣ እየጻፈ፣ እንደገና እያለ ወንበሩ ላይ እንደ ልጅ ይወዛወዝ ነበር። በር ድረስ ሲሸኘን ውሻ የምታንሸራሽረው ሴት ከማዶ ቆማ ታየን ነበር። እጁን አወዛወዘላት። እሷም ትንሽ ቆይታ መለሰች።

ወደ ቤት

ስንመለስ መውጫ አልሳትንም። ቤት ስገባ ሄርሜላ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ መምህሯ ደውሎላታል። "አባባ፣ ሲሪየስሊ? ላይክ፣ ዶር ቱ ዶር ሄደህ ጠየቅክ? ከደወል ጋር ሁሉ አወራህ አሉ" አለችኝ። እየሳቀች ነው፤ ዓይኗ ግን መልሴን ይጠብቃል። ሰናይት ከእንቅልፏ ተነሥታ ከኋላዋ ቆማለች።

"ትሂድ" አልሁ። "ግን የሴትዮዋን የመቃብር ሣር አጭዳ ትምጣ።" የየትኛዋን ሴትዮ እንደሆነ ለማስረዳት እስከ እራት ወሰደብን። ሄርሜላ በላች።

ከዚህ መንገድ የተማርሁት ብዙ አይደለም። መጠርጠሬን አልተውሁም፤ ለልጅ መጠርጠር ደግ ነው። ግን የሚጠይቅ ሰው የሚጠየቅበትን ሰው ፊት አስቀድሞ ቢያይ ይሻላል። ደግሞ አንድ ነገር ያሳፍረኛል። ያን ቀን ሙሉ የሰው አባት፣ የሰው ጠባይ፣ የሰው የእንቅልፍ ሰዓት ሳይቀር ስጠይቅ ውዬ፣ ጾሜን አውቃ ያበላችኝን፣ የተዘጋውን በር በቃሏ ያስከፈተችልኝን፣ ዘፈኔን የተቀበለችልኝን ልጅ ስሟን አልጠየቅሁም ነበር። የጠየቅኋት ደጃችን ላይ ስወርድ፣ ቀበቶውን እስክትፈታልኝ ቁጭ ብዬ ነው። ሰሚራ አለችኝ። ሰሚራ ይማም።